ለሦስት ሳንቲሜትር

እኛ ሰፈር፣ ለቡ፣ ጠዋት የሚቀሰቅሰን ዶሮ አይደለም። ዶሮ ከነበራቸው ሰዎች ግማሾቹ ሰፈር ለቀዋል፤ የቀሩትም ዶሮውን ለፋሲካ አሳልፈው ሰጥተዋል። የሚቀሰቅሰን ከእኛ ሁለት በር አለፍ ብሎ የሚኖረው ልጅ ነው። እሱ ራሱ ዝምተኛ ነው። ትልቅ ሰው ሲያይ ብድግ የሚል፣ ለቅሶ የማይቀር ጨዋ ልጅ። የሚጮኸው መኪናው ነው። ከግቢ ሲወጣ መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዛል፤ የፊት ጎማው ፓራፋንጎውን ያገኘውና «ሽርርርርት!» ይላል። ሊያስተካክል ወደ ቀኝ ይመልሳል፤ «ሽርርርርት!» ከዚያ ጸጥ። መኪናው ቀጥ ያለ መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ባለሱቋ እትዬ በዚህ ድምፅ ሰዓት ይይዛሉ። ሁለተኛው ሽርርት ሲሰማ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ የዳቦው ልጅ ካልመጣ ስልክ ይደወልለታል። ቅዳሜ ልጁ ሲያረፍድ ሰፈሩ በሙሉ ያረፍዳል።

የድምፁ ምንጭ ቀላል ነው። ልጁ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለው። ሲገዛው 265/70 በ16 ጎማ ነበረበት። እሱን አውልቆ 285/75 በ16 ገጠመለት፤ ጥርሱ የፈጠጠ፣ ጭቃ ሊበላ የተሠራ ጎማ። ባሌስትራ አልተጨመረም። ሞላ አልተቀየረም። አሞርዛተሩም ያው የድሮው ነው። እግሩ ብቻ አደገ።

እኛ ልጆች ሳለን ወላጆቻችን ለእንቁጣጣሽ ጫማ ሲገዙልን ሁለት ቁጥር ከፍ ያደርጉ ነበር። «ያድግበታል» ይሉና ጫፉ ላይ ጋዜጣ ይጠቀጥቁበታል። መስቀል ሲደርስ ጋዜጣው ወደ ተረከዝ ይሸሻል፤ እኛም ጫማውን እየጎተትን ደመራ እንዞራለን። እግራችን ጫማውን ሊሞላው ሲል ሶሉ ያልቃል። ያም ሆኖ ወላጆቻችን አሳማኝ ምክንያት ነበራቸው፤ ልጅ ያድጋል። ሃይሉክስ ግን ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ አንዲት ጣት ሲያድግ የታየበት ጊዜ የለም።

ጎማው የተገጠመለት ቀን እዚያው ነበርኩ። የእኔን ቪትዝ ሚስማር ወግቷት ጎሚስታ ቤት ተቀምጫለሁ። ቤት ስል ቆርቆሮ ነው፤ መንገድ ዳር አንድ አሮጌ ጎማ ቆሞ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ተብሎ ተጽፎበታል። ውስጡ ግማሽ በርሜል ውሃ፣ አንድ የሚያስል ኮምፕሬሰርና የሚወላገድ አግዳሚ ወንበር አለ። ጎሚስታው ጎማዬን ውሃው ውስጥ እያዟዟሩ አረፋ ይፈልጋሉ። በዚህ መሃል ልጁ ደረሰ፤ አራቱ ጎማዎች ከኋላ ተጭነዋል።

«ጋሼ፣ እነዚህን ይግጠሙልኝ።»

ሰውየው ቀና አሉ። ጎማዎቹን አዩ፤ መኪናውን አዩ።

«የማን ናቸው?»

«የእኔ ናቸዋ።»

«አይ፣ የየትኛው መኪና ናቸው ማለቴ ነው።»

«የዚሁ።»

«ለዚህ ከሆነ ባሌስትራ ይጨመርበት፤ ፊቱም ትንሽ ይነሳ። አለዚያ ስትጠመዝዝ ይነካል።»

«አይነካም ጋሼ። ጓደኛዬ ገጥሞ አይቻለሁ።»

«የጓደኛህ መኪና ምንድነው?»

«ላንድክሩዘር።»

ሰውየው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እሺ የእኔ ልጅ» አሉ፤ «መግጠሙ የእኔ ሥራ ነው። መጠምዘዙን ከፈጣሪ ጋር ትነጋገራለህ።»

ተገጠመ። እውነቱን ለመናገር፣ ቆሞ ሲያዩት ያምራል። ቁጡ ይመስላል። አግዳሚው ላይ የተቀመጥን ሁሉ ተነስተን ዞርነው፤ አንዱ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ለምን እንደሚደረግ አላውቅም፤ ጎማ ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ግን ሳይመታ አያልፍም። ልጁ ሞተር አስነስቶ መሪውን ሲጠመዝዝ ያ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

«ይለምዳል» አለ በመስኮት።

«ማን ነው የሚለምደው?» አሉ ጎሚስታው፤ «ጎማው ነው ፓራፋንጎው?»

አንዳቸውም አልለመዱም። የለመደው ሰፈሩ ነው።

ልጁን ግን አልፈርድበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ከፍ ማለት ማዕረግ ነው። የመሥሪያ ቤት ጥበቃ ቪትዝ ሲያይ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ኮፈን ያስከፍታል፣ ከማን ጋር ቀጠሮ እንዳለህ ይመረምራል። ቪኤይት ሲያይ በሩን ከፍቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ ውስጥ ማን እንዳለ እንኳ አላየም። ደብል ጋቢና ከሁለቱ መሃል ነው፤ አንዳንዴ ይከፈትለታል፣ አንዳንዴ ይጠየቃል። መሃል ላይ ያለ ሰው ደግሞ ትንሽ ከፍ ብል እያለ ማሰቡ አይቀርም።

ሌላ መኪና እንዳይገዛ ነገሩ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የግል አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ ተወሰነ። እነሆ አሁን የኤሌክትሪኮቹ ቢዋይዲዎች ድምፅ ሳያሰሙ ከኋላ መጥተው ያስደነግጡናል፤ የድሮ ሃይሉክስ ያለው ሰው ደግሞ መኪናውን እንደ ርስት ይዞ በየጊዜው አንድ ነገር ይጨምርበታል። ጥቁር መስታወት፣ የፊት ብረት፣ ጣሪያ ላይ የሚያበራ መብራት። በመጨረሻ ተራው የጎማ ይሆናል።

የልጁ ስልክ ላይም ቪዲዮ አለ። አይስላንድ ውስጥ አርክቲክ ትራክስ የሚባል ድርጅት ሃይሉክስን 38 ኢንች ጎማ አልብሶ በረዶ ላይ ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዞቹ የቴሌቪዥን ዝግጅት ቶፕ ጊር በእንዲህ ዓይነት ሃይሉክስ ወደ ሰሜን ማግኔታዊ ዋልታ ሲሄድ አሳይቷል። ልጁ ይህን እያሳየ «ይኸው! ያው የእኔ መኪና ነው» ይላል። ቪዲዮው የማያሳየው ጋራዡን ነው። አይስላንዶቹ ፓራፋንጎውን ቆርጠው እንደገና ይሠሩታል፣ መኪናውን ከፍ ያደርጉታል፣ የዲፈረንሻሉን ጥርስ ይቀይራሉ፣ ኮንታ ኪሎሜትሩን ያስተካክላሉ፤ ጎማው የመጨረሻው ሥራ ነው። ደግሞም ጎማው የሚተልቀው ንፋሱ ተቀንሶ በረዶ ላይ እንዲንሳፈፍ ነው። ለቡ ላይ በረዶ የሚጥለው በክረምት ለሩብ ሰዓት፣ ያውም ቆርቆሮ ላይ ነው።

አንድ እሁድ ማኪያቶ ይዘን ሶፍት ላይ ሒሳቡን ሠራንለት። 265/70 በ16 ማለት ከጫፍ እስከ ጫፍ 777 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 285/75 በ16 ደግሞ 834። ልዩነቱ 57 ሚሊሜትር።

«ይኸው ስድስት ሳንቲሜትር ሊሞላ ምን ቀረው!» አለ ልጁ።

አይደለም። መኪናው ያረፈው የቸርኬው መሃል ላይ ነው። ከተጨመረው ውስጥ ግማሹ ከመሃል ወደ ታች ወርዶ መኪናውን ከመሬት ያነሳዋል። ግማሹ ከመሃል ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ፓራፋንጎው። ስለዚህ መኪናው ያገኘው ከፍታ 28 ሚሊሜትር ተኩል ነው፤ ሦስት ሳንቲሜትር እንኳ አልሞላም። ልክ ያንኑ ያህል ደግሞ ከመጠምዘዣ ቦታው ተነጥቋል። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላ እጅ ተወስዷል፤ ድምፁም የመጣው ከተወሰደበት በኩል ነው።

ልጁ ሶፍቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «በዓይን ሲታይ ግን ከዚያ ይበልጣል» አለ። ይህን የሚያፈርስ ሒሳብ የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ጥገና ነው። በመጀመሪያ በውስጥ በኩል ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ አስቆረጠ። ትንሽ ተሻለው። ቀጥሎ ባትላሜራ ጋ ወሰደው፤ ባትላሜራው የፓራፋንጎውን የውስጥ ከንፈር በመዶሻ ቀጥቅጦ አስተኛው። አሁንም ተሻለው፤ ብቻ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቀለም እዚያ ቦታ ላይ ተሰናበተ። ከዚያ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ስፔሰር ግጠምበት፣ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣልሃል» አለው። ወጣ። በውስጥ በኩል የነበረው መነካካት ቆመና በውጭ በኩል ጀመረ፤ ወደ ውጭ የወጣ ጎማ ሲዞር ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚያካልል የፓራውልቱን ጥግ ያገኘዋል። ኩሽኔታውና ቴስቲናው ደግሞ ማንም ሳያማክራቸው ተጨማሪ ሸክም ደረሳቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው።

በመጨረሻ መካኒኩ መሪው ከተወሰነ ቦታ በላይ እንዳይጠመዘዝ የማቆሚያ ቡሎኑን አስረዘመለት። ይህ ሽርርቱን በጣም ቀነሰው። መዞሩንም ቀነሰው።

የማይዞር መኪና ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ መንዳት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ቀለበት መንገድን የሚያውቅ ሰው ነው። መሃሉ ግንብ ነው፤ ያለፈህን ሰፈር ለማግኘት መዞሪያ እስክታገኝ ድረስ ትሄዳለህ። ሌላው ሰው መዞሪያው ላይ አንዴ ጠምዝዞ ይዞራል። የእኛ ልጅ ግማሽ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። በዚህ መሃል ከኋላው ሚኒባሶች፣ አይሱዙዎችና አንድ የሲሚንቶ መኪና ሆነው መዝሙር ይጀምራሉ። የጀሞ ታክሲ ረዳት በበሩ ተንጠልጥሎ «አለቃ! መኪናው ነው መርከብ?» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች፤ ልጁ መስታወቱን ዘጋ።

አሁን መንገዱን የሚመርጠው በርቀት አይደለም፤ በመጠምዘዣ ብዛት ነው። ጀርመን አደባባይን ይወደዋል፣ ሰፊ ነው። የመካኒሳን ቅያሶች ትቷቸዋል። ጎፋ ኮንዶሚኒየም የምትኖረውን እህቱን ሊጠይቅ ሲሄድ መኪናውን ዋናው አስፋልት ላይ አቁሞ በእግሩ ይገባል። ከመንገድ ውጭ ሊሄድ የተዘጋጀው መኪና መንገድ ውስጥ መግባት አቃተው።

ፍጥነቱም አለ። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ሰባት በመቶ ያህል ርቆ ይሄዳል፤ ኮንታ ኪሎሜትሩ ግን ይህን አልተነገረውም። 80 ሲያነብ መኪናው በእርግጥ 86 ገደማ እየሄደ ነው። ራዳር የያዘ ትራፊክ አስቆመው። ልጁ «የእኔ 80 ነው የሚለው» አለ፤ ትራፊኩ «የእኔ አይልም» አለው። ከዚያ ወዲህ ራዳር የሚባለውን ዕቃ አያምንም፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ነዳጅ በላ ብሎም ያማርራል። በላ፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ገና ቆሞ ሳለ ለስስ አየር ገብሯል፤ በቀረው ጉልበት ላይ አራት ከባድ ጎማ ተጨመረበት። ፍሬኑም ያው የድሮ ፍሬን ነው፤ ትልቅ ጎማ ለማቆም ማንም አላዘጋጀውም። በሌላው እየሳቅኩ በዚህኛው አልስቅም።

እናቱን ግን ልንገራችሁ። እማማ በወር በ21 ሐና ማርያም ይሳለማሉ፤ የሚያደርሳቸው ልጃቸው ነው። ሃይሉክሱ ድሮ በጎኑ መረማመጃ ብረት ነበረው። አዲሱ ጎማ ሲጠመዘዝ የብረቱን ጫፍ ስለነካ ብረቱ ተፈታ። ስለዚህ መኪናው የተነሳው ሦስት ሳንቲሜትር ለማይሞላ ቢሆንም እማማ የሚወጡት ዳገት ግን በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። አሁን ቡና የሚያፈሉባት ዱካ ከሳሎን ትወጣለች። ልጁ ዱካዋን ያስቀምጣል፤ እማማ ነጠላቸውን ሰብስበው አንድ እጃቸውን በሩ ላይ፣ አንዱን የልጃቸው ትከሻ ላይ አድርገው ይወጣሉ። ከዚያ ዱካዋ ኋላ ትጫናለች፤ ለመውረድም ታስፈልጋለቻ።

«እማማ፣ መኪናው ከፍ አለ አይደል?» አልኳቸው አንድ ጠዋት።

«እኔንጃ ልጄ» አሉኝ ከላይ ሆነው፤ «እኔ ወደ ሰማይ የምቀርበው ቤተክርስቲያን ስደርስ ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ጭቃ ላይስ?» የሚል አይጠፋም። ሄዷል። ነሐሴ ላይ ለቅሶ ደርሶበት ሰበታን አልፎ ወደ በቾ ወርዶ ነበር። የበቾ ሜዳ ጤፍ ያበቅላል፤ በክረምት ደግሞ ሰው የሚይዝ ጥቁር ዋልካ ነው። አስፋልቱን ለቅቆ ገባ። ጎማው መጀመሪያ ላይ ሥራውን ሠራ፤ ጭቃውን በላ። የበላውን ግን የሚተፋበት ቦታ አልነበረውም። በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል የቀረችው ቀዳዳ በዋልካ ተሞላች፤ ጭቃው ተጠቀጠቀ፣ ጠጠረ፣ ጎማው መሽከርከር አቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ቆሟል።

አንድ ገበሬ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩና በያዙት በትር ጭቃውን ይፈለቅቁለት ጀመር። «የእኔ ልጅ፣ ይኸ ጎማ እኮ መዞሪያ የለውም» አሉት። የለቡ ጎሚስታ በደረቅ ቀን ያሉትን የበቾ ገበሬ በጭቃ ደገሙት። በሬዎች እስኪመጡ ሲጠብቅ የጤና ጣቢያ አምቡላንስ አለፈው፤ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር፣ በቀጭኑ 7.50 በ16 ጎማ። ቀጭኑ ጎማ ለስላሳውን ጭቃ ቆርጦ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል፤ ከላዩም ጭቃውን የሚያራግፍበት ሰፊ ክፍት ቦታ አለው። ነፍሰ ጡር የሚያመላልሰው እሱ ነው። አፋር ውስጥ ቱሪስት ወደ ኤርታሌ የሚያደርሱ ሾፌሮችም አሸዋ ሲደርሱ ጎማ አይቀይሩም፤ ካለው ጎማ ንፋስ ይቀንሳሉ። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊም በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከጅቡቲ ተነስቶ መኪና ለአፄ ምኒልክ ሲያመጣ ጎማው ቀጭን ነበር፤ ያኔ አስፋልት የሚባል አልነበረም።

ልጁ ከበቾ ሲመለስ መኪናውን በቀጥታ ላቫጆ አስገባው። የላቫጆው ልጆች ደንግጠው ነበር፤ ይህን መኪና በየእሁዱ ያጥቡታል፣ ጭቃ ያዩበት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

እናንተም ልታስገጥሙ ካሰባችሁ መከልከል አልችልም፤ አንድ ነገር ግን አድርጉ። መኪናችሁን አቁሙ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠምዝዙ፣ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል እጃችሁን አስገቡ። ወደ ቀኝም እንዲሁ። አራት ጣት በጠፍጣፋው ተደራርቦ ሳይቸገር የማይገባበት ቦታ ካለ፣ ከነበራችሁ ጎማ አንድ ቁጥር ብቻ ከፍ በሉ፤ ወይም ገንዘቡን መጀመሪያ ለባሌስትራ፣ ለሞላና ለፍሬን አውሉት። ቦታው ከፈቀደላችሁና ከታች ያለውን ካሠራችሁ ደግሞ ለቡ ጎሚስታው በር ላይ አራት 285/75 በ16 ጎማዎች ተደርድረዋል። ጥርሳቸው ገና አዲስ ነው፤ የትከሻቸው ጠርዝ ብቻ ትንሽ ተልጧል። ዋጋው በስምምነት፣ ደላላ አያስፈልግም።